በክርስትናው ማለዳ ጢሜን ልላጭ ስነሣ

ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሰው ሲገባ ሌላው መውጣት ያለበት ጠባብ ሱቅ አለኝ። ይህን የምነግራችሁ ሥራ እንድታመጡልኝ አይደለም፤ ብታመጡም አልጠላም። እጄን እንድታውቁልኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ ካስነጠስኩ የምትጠፋ ብሎን ስፈታና ሳስር እውላለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ወር እንኳ እጄ አይንቀጠቀጥም። ባለቤቴ ወይንሸት እንዲህ ስል በሰማችኝ ቁጥር፣ እጅህስ ደህና ነው፣ ችግሩ ያለው ከእጅህ በላይ ነው ትለኛለች።

ለዓመታት ጢማም ነበርኩ። ጢም የሚያምርብኝ ሆኖ አይደለም። ፀጉር ቤት ገብቼ በማሽን በተላጨሁ ማግስት አንገቴን በሙሉ ሽፍታ ይወርሰዋል፤ ኮሌታ ሲነካኝ ሳማ የነካኝ ያህል እዘላለሁ። ፀጉር አስተካካዬ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠና ተወው፣ ይደግ አለኝ። ተውኩት፤ አደገ። ወይንሸት ያወቀችኝም ያገባችኝም ከነጢሜ ነው። ከጢሜ ሥር ምን ዓይነት ሰው እንዳለ አይታ አታውቅም። እኔም ራሴ ከጊዜ ብዛት ረስቼው ነበር፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው መርሳቴ ነው።

አንድ ቀን የደንበኛ ስልክ ጠግኜ፣ ስፒከሩ መሥራቱን ልፈትሽ ብዬ ያገኘሁትን ቪዲዮ ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጢሙን ይላጫል። ሌላ ምንም አይሠራም። ፊቱን በሙቅ ፎጣ ሸፍኖ ይቆያል፤ ሳሙናውን ስኒ ውስጥ በብሩሽ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ምላጭ የሚገባበትን ከባድ የብረት መላጫ ያነሣና ከጆሮው ሥር ጀምሮ ቀስ እያለ ያወርደዋል። ሲያወርደው ክርክር የሚል፣ ቆሎ ሲታመስ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ አለው። እንግሊዝኛው እኔ ከማውቀው በላይ ስለነበር ከንግግሩ የያዝኩት አንድ ምክር ብቻ ነው፦ አትጫኑ፣ የብረቱ ክብደት ራሱ ይሥራ። ስፒከሩ በደንብ ይሠራ ነበር። እኔ ግን ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። አንዱ ስለ ሽፍታ ያወራል። ጥፋተኛው ማሽኑ ነው፣ አንድ ስለት ብቻ ያለው መላጫ ቆዳ አያስቆጣም አለ። ለዓመታት ስፈልገው የኖርኩትን ሌባ በስሙ የጠራልኝ ያህል ተሰማኝ።

ምላጭ እንደሆነ በየሱቁ ሞልቷል። ጥፍር ይቆረጥበታል፣ ስፌት ይፈታበታል፣ እርሳስ ይቀረጽበታል። ያጣሁት ምላጩን የሚይዘውን ብረት ነበር። እሱንም ቅዳሜ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ፊት፣ ከቁልፍና ከማንኪያ ክምር መሐል አገኘሁት። ወይንሸት ድስቷ ውስጥ ሲቀቀል ደረሰችና ድስቱን ለእኔ ተወችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ወጥ ሠርታበት አታውቅም። የመላጫ ብሩሽ ስላጣሁ አዲስ የቀለም ብሩሽ ገዛሁ። ከዚያ ለልምምድ ክንዴን ላጨሁ። ክንዴ ያለ አንድ ጭረት እንደ ብርጭቆ ለሰለሰ። ከክንድ ወደ ፊት ያለው መንገድ አጭር መሰለኝ።

ይህ በሆነ ሰሞን ነው አጥናፉ የደወለው። አጥናፉ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አብረን ያደግነው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ በኋላ መምህር ሆኖ አንኮበር ተመደበ፣ እዚያው የቄስ ልጅ አገባ፣ እዚያው ቀረ። ባለቤቱ ሸዋዬ ወንድ ልጅ በሰላም መገላገሏን ነገረኝ። ደስታዬን ተናግሬ ልዘጋ ስል ቆይ አለኝ።

"ክርስትና የምታነሣው አንተ ነህ። ልጁ ሁለት አባት ይኑረው ብለናል።"

እኔና ወይንሸት ልጅ የለንም። ለምን እንደሌለን ሐኪም ቤትም ጠይቀናል፣ ጸበልም ጠይቀናል፤ እዚህ ላይ አላስረዝመውም። አጥናፉ ይህን ስለሚያውቅ ነው እንደዚያ ያለኝ። ስልኩን ዘግቼ ከሱቁ ጀርባ ወጣሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ስልኩን ለጥገና የሰጠኝ ደንበኛ ይዤበት የጠፋሁ መስሎት ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስነሣ ነው የተመለስኩት።

ለወይንሸት ነገርኳት። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ለሕፃኑ ነጭ ልብስ፣ ነጭ ኮፍያና ነጭ ካልሲ ገዝታ መጣች። ካልሲዎቹን አውራ ጣቶቿ ላይ አጥልቃ ስታያቸው አየኋት። ያላየሁ መስዬ አለፍኩ።

እሷ ልብስ ስትገዛ እኔ የማደርገው ጠፋኝ። ተቀምጬ ሳስብ ጢሜ ትዝ አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አባት የሚሆን ሰው ንጹሕ ፊት ይዞ መቅረብ አለበት ብዬ ወሰንኩ። እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው ከቀኑ በፊት ቤቱ ይላጫል። እኔ ያየሁት ፈረንጅ ግን የሚላጨው ጠዋት ነው፤ ፊቱን ከመስኮት የሚገባ የማለዳ ብርሃን ይመታዋል። ስለዚህ መላጫዬን፣ ብሩሼንና ያልተከፈተ ምላጭ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በክርስትናው ዋዜማ ለጉዞ ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ገብስ የታጨደበትን ሜዳ ጨርሶ ገደሉን ይዞ መጠማዘዝ ሲጀምር ጉሙ ተቀበለን። ወይንሸት ቦርሳዬ ውስጥ ብርቱካን ስትፈልግ መላጫውን አወጣችው። ለምን እንደያዝኩት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ዛሬ ቤትህ ብትላጭ ኖሮስ አለችኝ። ስለ ማለዳ ብርሃን አስረዳኋት። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ውጭ ጉም እንጂ ምንም አይታይም ነበር፤ እሷ ግን እስክንደርስ ድረስ ከዚያ ላይ ዓይኗን አላነሣችም።

አጥናፉ ቤት ስንደርስ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘን። ጋሽ በቀለ ይባላል፤ አጥር የሚጋራቸው ጎረቤት ነው። በዚያ ሰፈር እሱ ክርስትና ያላነሣው ወንድ ልጅ ማግኘት ያስቸግራል አሉ፤ የክርስትና ልጆቹን ቢሰበስብ ከነተቀያሪው የእግር ኳስ ቡድን ይወጣዋል። የአጥናፉንም ልጅ እንደሚያነሣ ጠብቆ ነበር። ቅር ብሎታል ማለት አልችልም፤ በትሕትና ተነሥቶ ሳመኝ። ነገር ግን ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሌ እንደማውቅ ጠየቀኝ፤ ሕፃን አቅፌ ለብዙ ሰዓት መቆም እንደምችልም ጠየቀኝ። ሁለቱንም አዎን አልኩ። ምናልባት የሚያስፈልግ ነገር ካለ እኔ ነገ እዚያው ነኝ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቤቱ ተነሣ። የሸዋዬ አባት መምሬ ወልዴ ልጁን የሚያጠምቁት እሳቸው ስለሆኑ ቀድመው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። የሸዋዬ እናት ለሕፃኑ መታጠቢያ ውኃ እያሞቁ ነበር፤ ለምኜ ትንሽ አስቀዳሁ። ፎጣዬን ነክሬ ፊቴን ሸፈንኩ። ሳሙናዬን ስኒ ውስጥ በቀለም ብሩሽ መታሁ። መስታወቱ የተሰቀለው ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ነው። ወጣሁ።

የማለዳ ብርሃን የሚባል ነገር አልነበረም። ጉሙ ግቢው ውስጥ ገብቶ፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ፣ መስታወቱ ላይ ተኝቷል። በእጅጌዬ ስጠርገው ፊቴን አያለሁ፤ መላጫውን ሳነሣ ፊቴ ይጠፋል። የስልኬን መብራት አብርቼ አንገቴና ትከሻዬ መሐል ወተፍኩት። ፊቴ ላይ ያደረግሁት ሙቅ አረፋ ወዲያው ቀዘቀዘ፤ ከዚያ መድረቅ ጀመረ። ከቤት ውስጥ አጥናፉ ቶሎ በል፣ ደወሉ ሳይደወል እንውጣ ይለኛል።

በቀኝ ጉንጬ ጀመርኩ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ቀኙ አምሮ ወጣ። ያ ክርክር የሚለው ድምፅ መጣ፤ ጢሙ ከአረፋው ጋር እየተጠቀለለ ወረደ፤ ከሥሩ ለዓመታት ፀሐይ ያልነካው፣ የማላውቀው የገረጣ ጉንጭ ብቅ አለ። ኮራሁ። ወይንሸትን ጠርቼ ላሳያት ሁሉ አስቤ ነበር። ወደ ግራው ስዞር አረፋው ደርቆ ጢሙ እንደ ሽቦ ቆሟል፤ መላጫው አልሄድ አለኝ። ፈረንጁ አትጫኑ ብሎ ነበር። ፈረንጁ ግን ደወል የሚጠብቅ አጥናፉ አልነበረውም። ተጫንኩ።

ምንም አላመመኝም። መላጫው ትንሽ እብጠት ነገር ላይ የዘለለ መሰለኝ፤ ከዚያ አገጬ ሥር ሙቀት ተሰማኝ። በዚያ ብርድ ሙቀት ሲሰማኝ ደስ ብሎኝ ነበር። መስታወቱን ስጠርገው አረፋው ቀልቷል።

ያኔ ነው ያስታወስኩት። ግራ ጉንጬ ላይ፣ ከአፌ ጫፍ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥቁር ነጥብ ነበረችኝ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ይህን ልጅ ማርያም ስማዋለች እያለች ታሳይ ነበር። ጢም ሲሸፍናት እናቴም አረፈች፣ እኔም ረሳኋት።

ወይንሸት ፎጣ ይዛ ወጣች። ምኔን እንደቆረጥኩ ጠየቀችኝ።

"ማርያም የሳመችኝን" አልኳት።

"የት ነው የሳመችህ?"

"ጉንጬ ላይ።"

"ጉንጭህ ላይ ምልክት እንዳለህ ለምን አልነገርከኝም?"

ደም እየተንጠባጠበ የትዳር ጉዳይ መልስ መስጠት አይቻልም። ፎጣውን ጫንኩት። ሳነሣው ይፈሳል፤ ስጭነው ይቆማል፤ ደግሞ ሳነሣው ይፈሳል። ሶፍት ቀደን ለጠፍን፤ ሶፍቱ ቀልቶ ወደቀ። ቀዝቃዛ ውኃ ደፋሁበት። ውኃው አጥንቴ ድረስ ገባ፣ ደሙ ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ይህን ሁሉ ደም ከየት እንደምታመጣ እስካሁን አልገባኝም።

ቤት ስገባ አጥናፉ አየኝና ተቀመጠ። እሱ የቄስ አማች ነው፤ ማንም ሳያስረዳው ነገሩ ገብቶታል። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ሕፃኑ ደግሞ አርባ ቀኑ ዛሬ ነው፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይነሣል፣ የአባቱ ጓደኛ ጢም እስኪደርቅ ተብሎ ለነገ አይባልም። ሸዋዬ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አራስ ስለነበረች እሷም ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ትንሽ ካየችኝ በኋላ፣ እኔ አርባ ቀን ጠብቄ ልገባ ስል ተራዬን ወስደህ ውጭ ልትቀር ነው አለችኝ። አጥናፉ ሳይወድ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ጉንጬን ይዣለሁ።

የሸዋዬ እናት ወደ ጓዳ ገቡና መዳፋቸውን ጨብጠው ተመለሱ። የቡና ዱቄት ነው። እጅህን አንሣ አሉኝና ቁስሉ ላይ ጠቀጠቁት፤ አቃጠለኝ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አትንቀሳቀስ አሉኝ። የተረፈውን ደግሞ ለመጠባበቂያ ብለው በወረቀት ጠቅልለው ለወይንሸት ሰጧት። በዚህ መሐል ወይንሸት ያልተላጨውን ግማሽ አየችው። መላጫውን ላነሣ ስል እጄን መታችኝ፤ የሸዋዬን የልብስ መቀስ ተቀበለችና ቁስሉን እየዞረች የቀረውን ጢም ከረከመችው። ቀኝ ጉንጬ እንደ እንቁላል፣ ግራ ጉንጬ ታጭዶ እንደቀረ የገብስ ማሳ ሆነ፤ ማሳው መሐል ደግሞ የቡና ክምር። ነጠላዬን ከአፍንጫዬ ሥር አዙሬ ተከናነብኩ። ደወሉ ተደወለ።

መንገዱ ላይ ጋሽ በቀለ ጠበቀን። አዲስ ነጭ ልብስ ለብሷል፣ ነጠላውን በመስቀለኛ አጣፍቷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ምን እንደሆንኩ ሲሰማ በጣም አዘነ፤ ከልቡ ነበር ማዘኑ። ወዲያው ግን አጥናፉን ሕፃኑ ከበድ ይላል ወይ ብሎ ጠየቀው። ከዚያ እየሄድን ሳለ በዓይኔ ጠርዝ ሳየው፣ ክንዶቹን አጠፍ ዘርጋ ያደርጋል።

እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ጉሙ እንዳለ ነው፤ ነጠላዬ ፊቴን ሸፍኗል፤ መምሬ ዓይናቸው ደከም ብሏል። ዝም ብዬ ብገባ ማን ያውቃል? ለወይንሸት በሹክሹክታ ነገርኳት። ቆመች።

"ሰይጣንን ክጄዋለሁ ብለህ የምትምለው እኮ ለልጁ ነው" አለችኝ። "በውሸት ገብተህ አታነሣውም። ለመምሬ እነግራቸዋለሁ፤ ካልሆነ ጋሽ በቀለ ያንሣው።"

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። እጇ ግን የሕፃኑን ካልሲ የያዘችበትን ፌስታል አጥብቆ ጨብጦ ነበር። የጋሽ በቀለን ስም መጥራት ምን ያህል እንደከበዳት ያኔ ገባኝ፤ ጉንጬን ይዤ ከኋላዋ ሄድኩ።

መምሬ ወልዴ ቅጥሩ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው። ቀጭንና ረጅም ሰው ናቸው፤ ጥምጥማቸው ሲጨመርበት ጉሙ ውስጥ ጫፋቸው አይታይም። ወይንሸት መስቀል ተሳልማ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ስለ ማለዳ ብርሃኑም ሳይቀር። ሳያቋርጡ ሰሙና ነጠላዬን ገለጥ እንዳደርግ አዘዙኝ። አዩኝ። ግማሽ ፊቴን አዩ፣ ሌላውን ግማሽ አዩ፣ ቡናውን አዩ። ማን እንደላጨኝ ጠየቁ። ራሴ ነኝ አልኳቸው። አልጠረጠርኩም አሉ።

"ደሙ ከቆመ ትገባለህ። ካልቆመ አትገባም፤ ይህ የእኔ ፈቃድ አይደለም።" ወደ ወይንሸት ዞሩ። "ንጹሕ ሶፍት አለሽ?"

ነበራት። እሳቸው ራሳቸው አጠፉትና ቁስሉ ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉ። ውስጥ የቅዳሴው ዝግጅት ተጀምሯል፤ ድምፁ ይሰማል። ሕፃኑ ሸዋዬ ክንድ ላይ ያለቅሳል። መምሬ አይቸኩሉም። ልቤ ሲመታ ጉንጬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር፤ እያንዳንዱ ምት ደም ገፍቶ የሚያወጣ ስለመሰለኝ ልቤን ዝም ላሰኘው ሞከርኩ። ትንፋሼን ያዝኩ። ቀና ስል ጋሽ በቀለም ትንፋሹን ይዟል።

ሶፍቱን አነሡት። መሐሉ ላይ ነጥብ አለ።

ሁላችንም ጎንበስ አልን። ነጥቡ ቀይ አይደለም፤ ጥቁር ነው ማለትም አይቻልም። አጥናፉ ቡና ነው አለ። ጋሽ በቀለ ዓይኑን አጥብቦ አየና እኔ እንጃ፣ ቀላ ይላል አለ። አጥናፉ እርጥብ ቡና እንደዚያ ይቀላል አለ። ጋሽ በቀለ እርጥብ ያደረገው ምን ይሆን አለ። የስልኬን መብራት አበራሁላቸው፤ በመብራቱ ሲታይ ይብስ ግራ ያጋባል። ወይንሸት የመምሬን እጅ ብቻ ታያለች። መምሬ ሶፍቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ። ከዚያ አፍንጫቸው ሥር አድርገው በረጅሙ አሸተቱት።

"ቡና ነው" አሉ። "ግባ። ውስጥ ሆነህ ከፈሰሰህ ግን ራስህ ትወጣለህ። ልጁን ለበቀለ ሰጥተህ ትወጣለህ፤ እኔን ውጣ አታሰኘኝ።"

ገባን። ያን ቀን ክርስትና ቤት ውስጥ የተደረገውን ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻላል፤ እኔ ያየሁት በጉንጬ በኩል ነው። ሸዋዬ ልጁን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጋሽ በቀለ ከጎኔ ቆመ፤ ፍጹም ቅጣት ምት እንደሚጠብቅ በረኛ እጆቹን በትንሹ ከፈት አድርጓል። ወደ ምዕራብ ዙር ተባልኩ፤ ዞርኩ። አሁን በልጁ ፈንታ ሰይጣንን እክዳለሁ። አፌን ስከፍት ቡናው ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። ቶሎ ዘጋሁት። የቀረውን በጥርሴ መሐል አስወጣሁት።

መምሬ ቆም አሉ። "ድምፅህን አሰማ" አሉኝ።

ሰይጣንን በሙሉ አፌ ብክደው ደሜ ይፈሳል፤ በጥርሴ መሐል ብክደው አልካድኩትም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ፈተና ውስጥ ያስገባኝ ራሱ ነው ብዬ ተናደድኩበትና ከንፈሬን ወደ ቀኝ ጎትቼ በግማሽ አፌ ጮክ ብዬ ካድኩት። ወደ ምሥራቅ ዞሬ እምነቴንም የመሰከርኩት እንደዚያው በግማሽ አፌ ነው። ከውጭ ለሚያየኝ ሰው ያጣመመኝ ነገር ያለ ይመስል ይሆናል። ጋሽ በቀለ ከጎኔ ሆኖ ያየው ጉንጬን እንጂ አፌን አልነበረም።

ልጁ ከውኃው ሲወጣ ጩኸቱ ጣሪያ ነካ። ወይንሸት ያመጣችውን ልብስ አልብሰው፣ ማተቡን አስረው መልሰው ሰጡኝ። እያለቀሰ፣ እጁን እያወራጨ፣ ከነጠላዬ ሥር ገባና ፊቴን ያዘኝ። ግራውን ነው የያዘው። መዳፉ በቀጥታ ቡናው ላይ አረፈች። ላነሣት አልደፈርኩም፤ ካነሣኋት ቡናው ተከትሏት ይመጣል። ከተውኳት ደግሞ ይቧጥጠኛል። በቆምኩበት ደረቅሁ። እሱም ቀስ በቀስ ለቅሶውን ተወ፤ እጁን እዚያው ጉንጬ ላይ እንዳደረገ እንቅልፍ ወሰደው።

ከዚያ ቅዳሴው ተጀመረ። ክንዴ ዛለ፣ ትከሻዬ ተሰነጠቀ፣ አፍንጫዬን በላኝ። አልተንቀሳቀስኩም። ቀና ብዬ አላየሁም፣ ዞር አላልኩም፣ አላዛጋሁም። ከኋላዬ ያሉ እናቶች እንዴት ያለ ጽኑ ሰው ነው ሲባባሉ እንደነበር አጥናፉ በኋላ ነግሮኛል። ከሴቶቹ ወገን ወይንሸት እንደምታየኝ አውቃለሁ፤ ፊቷን ማየት ግን አልቻልኩም። መሐል ላይ የልጁ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኝ ጀመር። ለዓመታት በጢም ተሸፍኖ የኖረ አንገት ነው፤ ሙቀቱ እንግዳ ሆነበት። ደሙን የረሳሁት ያኔ ይመስለኛል። ለሥጋ ወደሙ ስንቀርብ ልጁን አንቅቼ አፉን ሲከፍት፣ ከእኔም ጉንጭ ሆነ ከእሱ እጅ ምንም እንዳልወጣ አየሁ።

ከቅጥሩ ስንወጣ ጉሙ ተገፎ ቆላው ድረስ ይታይ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። አጥናፉ አበልጄ ብሎ አንገቴን አቀፈኝ። ያን ጊዜ ጋሽ በቀለ ወደ እኔ መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አልከፋውም፤ ሰው ክርስትና ሲያነሣ ሲያይ ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሚሆን ነገረኝ። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ትከሻዬን ያዘና ቀኝ ጉንጬን ሳመኝ፤ ከዚያ የራሱን ጎፈር ያለ ጢም ይዞ ወደ ግራው ዞረ። ልከለክለው አፌን ስከፍት አጥብቆ ሳመኝ።

ቀና ሲል ጉንጩ ላይ ቡና ነበር። የእኔ ጉንጭ ላይ ምን እንደነበረ ከወይንሸት ፊት አወቅሁ። ልጁን ከክንዴ ነጥቃ፣ ነጩ ልብስ ሳይነካ ደረቷ ላይ አደረገችው። ደሙ ነጠላዬ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ጋሽ በቀለ የሠራውን አይቶ ክንዴን ያዘ። ሁላችንም ወደ መምሬ ዞርን፤ ልብሰ ተክህኗቸውን አውልቀው ከበሩ እየወጡ ነበር። ጉንጬን አዩ፣ የጋሽ በቀለን ጉንጭ አዩ።

"አሁንማ ይፍሰስ" አሉ። "ልጁ ተነሥቷል።"

መንገዱን ይዘን ወደ አጥናፉ ቤት ወረድን። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ጨብጬ ከኋላ ነኝ፤ ጋሽ በቀለ ክንዴን ደግፎኛል፣ ሸዋዬና አጥናፉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፊታችን ይሄዳሉ። ወይንሸት ልጁን እንዳቀፈች ቀድማናለች። አንዱ ካልሲ ሲንሸራተት ቆም ብላ ትመልስለታለች፣ ደግሞ ትሄዳለች። ቤት እስክንደርስ ድረስ ልጁን ስጪን ያላት ሰው አልነበረም።